የሁለተኛው ኢንጀክተር ሰሞን

ሰኞ 3

ያቺ የአዋላጇ መኪና ተመልሳ መጣች። በራሷ ጎማ ብትመጣ እንኳ ባልከፋኝ። በገመድ ተጎትታ፣ ያውም ጋራዡ በሰው በተሞላበት ሰዓት! ጎረቤታችን ጎሚስታው የያዘውን ጎማ ጥሎ ቆሞ ያያል። ምን ያያል? የተጎተተ መኪና አይቶ አያውቅም?

ከሦስት ሳምንት በፊት አይጥ ሽቦዋን በልቶባት ነበር። ነዳጅ ወደሚረጩት አራት ኢንጀክተሮች የሚሄደውን ሽቦ ቆራርጦ ድራሹን አጥፍቶታል። ቁጭ ብዬ፣ ቀለም ከቀለም እያገጣጠምኩ፣ አንድ በአንድ ቀጠልኩት፤ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ስትወጣ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። አሁን ሞተሩ ሲግል ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ላይ ትጠፋለች።

ስካነሩን ሰክቼ የሞተሩን ኮምፒውተር ጠየቅኩት። "የሁለተኛው ኢንጀክተር መስመር" አለ። በቃ፣ የእሱ ሥራ ነው። እኔና ባሌ ድንበር አለን። ድንበራችን መሰኪያው ነው። ከመሰኪያው ወዲህ ያለው ሽቦ፣ ፊውዝና ኮምፒውተር የእኔ፤ ከመሰኪያው ወዲያ ያለው ብረትና ኢንጀክተር የእሱ። ሃያ አንድ ዓመት በትዳር፣ አሥራ ሰባቱን በአንድ ጋራዥ የቆየነው አንዳችን በሌላችን ሥራ ስለማንገባ ነው።

"ኢንጀክተርህ ነው" አልኩት።

"እናያለን" አለ። እሱ ሁልጊዜ እናያለን ነው።

ማክሰኞ 4

ፈታው። አጠበው። ለካው። "ደህና ነው" አለ።

መልሶ ገጠመው። ሞተሩ ጋለ፣ ተንቀጠቀጠ። ስካነሩ፦ ሁለተኛው።

ታዲያ ማን ነው የሚዋሸው?

አርብ 7

አዲስ ኢንጀክተር ገዝቶ ሁለተኛው ላይ ገጠመ። በዝናብ ጥቂት ነዳናት፣ አልጠፋችም። አዋላጇ መጥታ ወሰደቻት። ተገላገልን።

ከሰዓት በኋላ አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ መጣ። እኔ የሌላ መኪና ኮፈን ውስጥ ጎንበስ ብያለሁ።

"ባለሙያው የለም?" አለኝ።

"እያነጋገሩት ነው" አልኩ።

ሳቀ። ቀልድ መሰለው! ከዚያ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ባሌን ፈለገ። ሠላሳ ዓመት ሽቦ ስቀጥል ኖሬ፣ ያባቴን ሙያ ከወንድሞቼ ሁሉ እኔ ብቻ ወስጄ፣ ዛሬም "ባለሙያው የለም?" ደሜ ፈላ። ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወረወርኩት። ካቻቢቴው ምን አደረገኝ?

በዚህ ላይ የጋራዡ መብራት። ባሌን አምፖሉን ቀይር ካልኩት ወር ሆነኝ። ቀይሬዋለሁ ይላል። ቀይሮት ነው እንዲህ የጨለመው? የመኪናው የፊት መብራትም ያው ነው። ዛሬ የሚሸጡት አምፖሎች ሲበሩ ዙሪያቸውን ቀለበት ይሠራሉ። ድሮ እንዲህ ያለ ዕቃ ማን ይገዛ ነበር?

ሰኞ 10

ቅዳሜ ዕለት ድልድዩ ላይ ጠፍታባታለች። ከኋላዋ የጭነት መኪና ነበር፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ቀድሞ ባይረግጥ ኖሮ የሚተርፍ ነገር የለም። አዋላጇ ስትነግረኝ የቁልፉ መያዣ እጇ ላይ ይንቃጨል ነበር።

"እኔ የምወጣው ሰው ላዋልድ ነው፤ ልሙት ብዬ አይደለም" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ስካነሩን ሰካሁ። ሁለተኛው። አዲስ ኢንጀክተር ገብቶም ሁለተኛው!

ባሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሽቦውን እንደገና ብናየውስ?" አለኝ።

ሽቦውን! የእኔን ሽቦ! ምን እንዳልኩት ሁሉንም መጻፍ አልፈልግም። "ሠላሳ ዓመት ቀለም ተሳስቼ አላውቅም" አልኩ። "ኢንጀክተር መግጠም ሲያቅትህ በሽቦዬ አታሳብ" አልኩ። "ከዛሬ ጀምሮ እጅህ ሽቦዬን እንዳይነካ፤ ማልልኝ" አልኩት። ሰው እየሰማ፣ ጎሚስታው እየሰማ፣ በልጃችን ስም አስማልኩት።

ማለ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወጣ። አባቴ ሽቦ ከቀጠልኩ በኋላ መስመሩ ሲገናኝ በሚጮኸው ቴስተር ዳር እስከ ዳር ካላስጮህኩት ከቦታዬ አያስነሳኝም ነበር። ያ ግን ጀማሪ ስለነበርኩ ነው። ዛሬ ቀለሙን ካየሁ ይበቃኛል።

ማክሰኞ 11

ነጭ ሸሚዜን ልጄ አጥባ ቢጫ አድርጋ አመጣችልኝ። "እማዬ ነጭ እኮ ነው" ትለኛለች። በጠዋት ተከራከረችኝ። ኮሌጅ ገባሁ ብላ ዓይን ያወጣ ነገር ትከራከራለች። ለአባቷ አሳየችው፤ እሱም አየኝ፣ ሸሚዙን አየ፣ ጫማውን ማሰር ቀጠለ። ተማምለዋል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አዲስ ወሬ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ባሌን ዋና መካኒክ አድርጎ ሊቀጥረው ይፈልጋል። እስከ 25 መልስ ስጠን ብለውታል። የነገረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ብሎን እየቆጠረ ነው።

"ሂድ። ማን ያዘህ?" አልኩት።

"ሂድ ካልሽ" አለ።

ልቅር የሚል ቃል በሱ አፍ የለም፤ አትሂድ የሚልም በእኔ አፍ አልተፈጠረም።

ረቡዕ 12

ለመብራት ጉዳይ ቢሮ ተሰልፌ ዋልኩ። ስመለስ ጋራዡ ውስጥ ብቻውን ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የአዋላጇ መኪና ኮፈን ክፍት ነው፤ ስካነሩ በርቷል።

"ሽቦዬን ነካህ?"

"አልነካሁም።"

"ታዲያ ምን ሆነሃል?"

"ምንም።"

ከዚያ ውጭ ወጥቶ ስልክ ደወለ። ለድርጅቱ ሰዎች መሆን አለበት።

ሐሙስ 13

ያገለገለ የሞተር ኮምፒውተር ከመለዋወጫ ዕቃ ሻጩ አመጣሁ። ካልሆነ እመልሰዋለሁ ብዬ። ገጠምኩ፤ ሞተሩ ጋለ፤ ሁለተኛው። ሌላ አመጣሁ። ሁለተኛው!

"የሞተ ኮምፒውተር ነው የምትሸጥልኝ!" ብዬ ሱቁ ውስጥ ጮህኩበት።

"እናቴ፣ ሁለት ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ውሸት ይዋሻል?" አለኝ።

እናቴ! ባለፈው ዓመት እህቴ ነበር የሚለኝ። አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እሱን የሚያህል ልጅ ልወልድ በስንት ዓመቴ ልጀምር ነበር? አፍንጫህን ላስ ብዬው ወጣሁ። ስወጣ ደረጃውን ስቼ ልወድቅ ነበር። ደረጃው ላይ መብራት የለም።

ቅዳሜ 15

ጠዋት አዋላጇ እየሮጠች መጣች። ከከተማ ውጭ ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። አውቶቡስ ለመጠበቅ ጊዜ የላትም።

"ትሄዳለች አትሄድም? አንዱን ንገሩኝ" አለች።

ኮምፒውተሩን ከመለስኩ በኋላ መሰኪያዎቹን ሁሉ አጥብቄያለሁ፤ ትናንት ሁለት ሰዓት ሙሉ አስነስቻት አልጠፋችም። ቁልፉን ከሚንጠለጠልበት ቦታ ፈለግኩ፣ የለም። ባሌ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ቱታው ኪስ ውስጥ፣ ከታች፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ደብቆታል! የእኔን ሥራ ስለማያምን ደብቆታል።

"ሽቦው ላይ ምንም የለም። ሂጂ ሲስተር" ብዬ ሰጠኋት።

ተቀብላኝ ከመግባቷ በፊት ፊቴን አየችው። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ፣ እንደ ሕፃን።

"ዓይንሽን ታይተሻል? ሞራ የጀመረሽ ይመስለኛል። ለሐኪም አሳዪው።"

እኔ ስለ መኪና አወራለሁ፣ እሷ ስለ ዓይን ታወራልኛለች። ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት! "በሰላም ግቢ" አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ።

እሱ ተመልሶ መኪናዋን ሲያጣ ፊቱ አመድ መሰለ። "ማን ሰጣት?" አለ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። ጃኬቱን ሳይለብስ በዝናብ ወጥቶ ሮጠ። በእግሩ የት ሊደርስባት?

ሰኞ 17

ዳገቱ ላይ ጠፋችባት። ትታት በጭቃ በእግሯ ሄደች። ተንሸራታ ወደቀች፤ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። በተሰበረ እጅ ደርሳ፣ በአፏ እየነገረች የሴትየዋ እናት እንድታዋልድ አደረገች። እናትና ልጅ ደህና ናቸው። እሷ እጇ በጄሶ ታስሯል። ለሁለት ወር ማንንም አታዋልድም።

ይህን የነገረችን ጋራዡ በር ላይ ቆማ ነው። ጎሚስታው አለ። ሁለት ደንበኞች አሉ። "ማን ነው የሠራት?" አለች። ይህን ብቻ።

እኔም "ኢንጀክተሩን የገጠመው እሱ ነው" አልኩ።

አፌ ነው ያለው። እኔ ነኝ ያልኩት። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። መልስ ይሰጣል ብዬ ጠበቅኩ። ተከራከር እንጂ! እሱ ግን አየኝ፣ የመፍቻ ሣጥኑን ዘጋ፣ አነሳው፣ ሄደ። ድርጅቱ ጋ ለሙከራ ጀምሯል አሉኝ ከሰዓት በኋላ። ጥፋተኛ ባይሆን ይከራከር ነበር። አይደለም እንዴ? ይከራከር ነበር።

ዕቃ ሻጩ ደግሞ አዲስ ኢንጀክተር ይዞ መጣ። "ባልሽ ረቡዕ ያዘዘው፣ ዛሬ ገባ" አለኝ። ሌላ ኢንጀክተር ለምን? ሁለተኛውን ቀይሮታል። ጠረጴዛው ላይ ወርውሬው ተውኩት።

ማታ ቤት ገብቶ በላ፣ ተኛ። ልጄ የእሱን ሳህን አንስታ የእኔን ተወችው።

ረቡዕ 19

ልጻፈው።

መኪናዋን ጎትተው አምጥተውልኝ ነበር። ብቻዬን ነኝ። አስነሳኋት፣ ስካነሩን ሰካሁ። እንዲያው በንዴት የሁለተኛውን ኢንጀክተር መሰኪያ ነቀልኩት፣ ይህ ክፉ ነገር ምን ሊል ነው ብዬ።

ስካነሩ "ሦስተኛው ኢንጀክተር" አለ።

ስካነሩን በጥፊ መታሁት። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ሁለተኛውን መለስኩና ሦስተኛውን ነቀልኩ። "ሁለተኛው" አለ።

ሞተሩ እየሠራ ነዳጅ እየጨረሰ ነበር።

አጥፍቻት ቴስተሩን አመጣሁ። ከኮምፒውተሩ፣ የሁለተኛው ሽቦ ከሚነሳበት እግር እስከ ሦስተኛው መሰኪያ ጮኸ። ከሦስተኛው እግር እስከ ሁለተኛው ጮኸ። አዛብቼ ቀጥያቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ የታመመውን በትክክል እየነገረን ነበር፤ እኛ ግን በእኔ ሽቦ ምክንያት ሌላ በር እያንኳኳን ነበር። የታመመው ሦስተኛው ነው። የባሌን ኢንጀክተር፣ የሻጩን ሁለት ኮምፒውተር፣ ሁሉንም ሰድቤአለሁ።

ናስትሮውን ቀደድኩት። ሁለቱም አረንጓዴ ሽቦ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ቀጭን መስመር አለ። ለእኔ ሁለቱ አንድ ናቸው። ወደ ደጅ አወጣሁት፣ አንድ ናቸው። ልጄ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ነበር።

"ይኼ መስመር ምን ቀለም ነው?"

"ነጭ።"

"ይኼስ?"

"ቢጫ። እማዬ፣ እየቀለድሽ ነው?"

አዎ አልኳት። እየቀለድኩ ነው።

ሐሙስ 20

ሽቦዎቹን በየቦታቸው መለስኩ፤ በልጄ ዓይን፣ በቴስተር። ሦስተኛው ላይ ያ ጠረጴዛ ላይ የወረወርኩትን ኢንጀክተር ገጠምኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራች። ዳገቱን ጎሚስታው ሦስት ጊዜ ነድቶ አወጣት። ንቅንቅ የለም።

"ምኑ ነበር እትዬ?" አለኝ።

"ኢንጀክተሩ" አልኩ። ውሸት አይደለም። ግማሹ ውሸት አይደለም።

ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን ዓለም በሙሉ የሻይ ቀለም አላት። ይህን ካወቅኩ ስንት ጊዜ ሆነኝ? አላውቅም ብዬ ልጽፍ ነበር።

ናስትሮውን አቃጥዬዋለሁ። ልጄ ቀለሙን ነገረችኝ እንጂ ምክንያቱን አታውቅም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ቅዳሜ 22

ሥራ የለም። ዝናብ።

ሁለት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አንዴ "ጨው አቀብለኝ" አልኩ። አንዴ የዝናቡን ነገር አነሳሁ። እፈራለሁ ብዬ ልጽፍ አልወድም፤ ግን ሌላ ምን ይባላል? ኤሌክትሪሺያን ዓይኗ ከሄደ ምን ትባላለች? ያ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ልክ ነበር ማለት ነው?

አይደለም። እሱ ሴት ስለሆንኩ ነው የናቀኝ። እኔ የተሳሳትኩት ግን ሴት ስለሆንኩ አይደለም። ትዕቢተኛ ስለሆንኩ ነው።

ሰኞ 24

ጎሚስታው ለደንበኛ ሲያወራ ሰማሁት። "ሰውየው ነው እንጂ እሷ ምን አጠፋች። ኢንጀክተር አበላሽቶ የአዋላጇን እጅ አሰበረ፣ ከዚያ ወደ ድርጅት ፈረጠጠ" ይላል። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነኝ። ወጥቼ አፉን ላስይዘው እችል ነበር። ቴስተሩን ይዤ ቆምኩ። ደንበኛው "ድሮም ዝምተኛ ሰው ደስ አይለኝም" አለ፤ ሳቁ።

ዝም አልኩ። ለሌላ ሰው ሲሆን ምላሴ እንዴት ስል ነው!

ነገ ይፈርማል።

ማክሰኞ 25

ሄድኩ። ቱታዬን እንደለበስኩ፣ በአውቶቡስ። የድርጅቱ ጋራዥ ትልቅ ነው፤ ስምንት ዘጠኝ መካኒክ አለ። እሱ አንድ አውቶቡስ ሥር ተኝቷል፤ እግሩን አውቀዋለሁ።

"ውጣ" አልኩት። ወጣ። ሰዎቹ ሥራቸውን አቆሙ። ይስሙ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

"ሽቦውን ያዛባሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አለዋውጬ ቀጥያቸዋለሁ። ዓይኔ ነጭና ቢጫ አይለይም። የአዋላጇን እጅ ያሰበርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።"

ላብ ይሁን ዘይት ፊቱን ጠረገ። ከዚያ "አውቃለሁ" አለኝ።

"ምን?"

"ረቡዕ ቀን፣ አንቺ ቢሮ ስትሄጂ። መሰኪያውን ነቀልኩት፤ ሦስተኛው አለኝ። ሽቦሽን አልነካሁም፣ ምያለሁ። ሦስተኛውን ኢንጀክተር አዘዝኩ። ሰኞ ሲገባ በእኔ በኩል ቀይሬ፣ አንቺም ሳታውቂው ያልፋል ብዬ ቁልፉን ደበቅኩ።"

ነገሩ ሲገባኝ ቁጣዬ ከእግሬ ጥፍር ተነሣ።

"አውቀህ ነው? አውቀህ ሦስት ቀን ዝም አልክ? ሰው ሊሞትበት በሚችል መኪና ላይ ቁልፍ መደበቅ ብቻ? አፍ የለህም?"

"ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?"

መካኒኮቹ ሁሉ የእኔን መልስ ይጠብቁ ነበር። አብሮኝ የኖረውን ሰው "ሽቦ ተሳስተሻል" ለማለት የሚፈራኝ አድርጌዋለሁ። እሱም እኔን ከማስቀየም ሌላ ሰው ቢጎዳ ይሻላል ያለ ያህል ዝም ብሏል። የትኛችን እንደምንብስ አላውቅም።

"ወረቀቱን ፈርመሃል?" አልኩት።

"ገና።"

"ከመፈረምህ በፊት አንድ ቦታ አብረን እንሂድ።"

ረቡዕ 26

ወረቀቱን ሳይፈርም አደረ። አዋላጇ ቤት መኪናዋን ይዘን ሄድን። እሱ ነዳ። በሩን በግራ እጇ ከፈተችልን። ግቡ አላለችንም።

"ሽቦውን ያዛባሁት እኔ ነኝ፤ በእሱ ያሳበብኩትም እኔ ነኝ" አልኩ።

"እኔም አውቄ አልነገርኩሽም" አለ እሱ።

አንዳችንን አየች፣ ሌላችንን አየች። ይቅርታ ታደርግልን ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሰው ስትሆኚ እንደዚያ ታስቢያለሽ።

"ባልና ሚስት ስትከባበሩ እኔን ልትገድሉኝ ነበር" አለች። ቁልፉን ከእጁ ተቀበለች። "መኪናዬን ሌላ ቦታ አስፈትሻታለሁ። አንቺ ደግሞ ዓይንሽን ሳትታዪ ሽቦ እንዳትነኪ። በሉ ሂዱ።" በሩን ዘጋችው። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗ ራሱ አናደደኝ።

በእግር ተመለስን። ለነገ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ መንገድ ላይ በስልክ አስያዝኩ። እሱ አጠገቤ ይራመዳል፤ ቦይ ያለበት ቦታ ስንደርስ ክርኔን ይዞ ይመልሰኛል፣ ምንም ሳይናገር። እስከ ዛሬ ስንት ቦይ እንዲህ አሻግሮኝ እንደሆነ እንጃ።

ቤት ገባን። ልጃችን የለችም። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"ሌላስ?" አልኩት። "ፈርተህ ያልነገርከኝ ሌላ ምን አለ?"

ይክዳል ብዬ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለእኔም አንድ ሳበልኝ።

"ከየት ልጀምር?" አለ።

ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።